የነብሩ በር

ሳኦ ፓውሎ፣ ማርች 4 ቀን 2006

ለታናሽ ወንድሜ ለላይ ጂን-ሹዊ፣

የምሕረት እናት ጓን-ዪን ዓይኗን ከቤትህ አትንቀል። እንዴት ከርመሃል? እኔም ልጄ ሜይ-ዩንም ደኅና ነን። እጄ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ይህን በኮምፒውተር የምትጽፍልኝ እሷ ናት። እንዳትቀየመኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ ነበር። ታይፔን ለማየት የሚመጣን ሰው ዛሬ ዛሬ የት የት ይወስዱታል? ከሁሉ የሚወደደው የቱ ነው? ቤተ መቅደሱ ነው? የማታው ገበያ ነው? ወይስ ያ አዲሱ ረጅም ሕንፃ? ዕድሜህን ሙሉ በዚያ ከተማ አውቶቡስ ስትነዳ ኖረሃልና ካንተ የተሻለ የሚነግረኝ የለም። አታሳጥረው። ትንሹም ነገር አይቅርብኝ።

የአጎትህ ልጅ፣ ታላቅ ወንድምህ
ላይ ቲየን-ፉ


ታይፔ፣ ኤፕሪል 2

ለታላቄ ለአ-ፉ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስህ እህል የሚጣፍጠው አፍና እንቅልፍ የሚወስደው ዓይን ይኑርህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሚስቴ ሹ-ቺን ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስሟ በተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ዕጣን ለኩሼ የዋልኩበትን ያደርኩበትን እነግራታለሁ። ያንተንም ደብዳቤ አነበብኩላት። ብትኖር ኖሮ «እርግጠኛ ነህ ይሄ የአ-ፉ ነው?» ትለኝ ነበር።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ገርሞኛል። ከሄድክ ጀምሮ በየአዲስ ዓመቱ የምትልክልኝ ደብዳቤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «አንተ ቀጫጫ፣ አለህ ወይ? እኔ አለሁ። እዚህ አገር ሩዝ መቀቀል አይችሉም። በል ደኅና ሁን።» በቃ። ዘንድሮ ስለ ሩዙ ምንም የለም፣ ቀጫጫም አላልከኝም። ሰው ሲያረጅ ጨዋ ይሆናል ማለት ነው? እኔ እንኳ አልሆንኩም።

ለማንኛውም ጠይቀሃልና ልመልስ። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወሰደው ወደ ረጅሙ ሕንፃ ነው። አሳንሰሩ ጆሮህን ይደፍነዋል። ከላይ ሆነህ የራስህን ቤት ትፈልጋለህ፣ ታጣዋለህ፣ ትወርዳለህ። ከዚያ ተራራው ሥር ወዳለው ሙዚየም ይሄዳሉ። እዚያ ከከበረ ድንጋይ የተጠረበች አንዲት ጎመን አለች፣ እሷን ለማየት ሰልፍ ነው። ሹ-ቺንን የወሰድኳት ጊዜ ተራችን ደርሶ መስተዋቱ ፊት ስንቆም «ለዚህች ነው እግሬ ያበጠው? ዛሬ ጠዋት የገዛሁት ይበልጣታል» ብላ ጮኸች። ዘበኛው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ነጩ አዳራሽ ደግሞ አለ፣ ወታደሮቹ ተራ ሲቀያየሩ ልጆች ይጋፋሉ። ዲህዋ ጎዳናም እንደድሮው ነው። የደረቀ እንጉዳይ፣ የደረቀ ዓሣ፣ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ፤ ሻጮቹ ራሳቸው አብረው ደርቀዋል። «ቅመስ አጎቴ፣ ቅመስ!» ይሉሃል። ቀምሰህ ካልገዛህ ፊታቸውን አያድርስ ነው።

የማታ ገበያ ሞልቷል። ቱሪስት ትልቁን ይወዳል፣ እኔ ከቤተ መቅደሱ ጎን ያለውን የኛን እወዳለሁ። የሚሸተውን የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉውን፣ የሚጠብሰው ሰውዬ አሁንም አለ፤ ባለሱቁ ጎረቤቱ አሁንም ይራገመዋል።

ይህን የምጽፈው በቤተ መቅደሱ አጠገብ፣ የመድኃኒት ቅጠል ከምትሸጠው ከአክስት ጋው ድንኳን ሥር ቁጭ ብዬ ነው። ስጽፍ አይታኝ «አንተ ጂን-ሹዊ፣ በዚህ ዕድሜህ ወዳጅ ያዝክ?» አለችኝ።

«ለአጎቴ ልጅ ነው። ከተማው ውስጥ ምን እንደሚታይ ጠይቆኝ ነው።»

«የአጎትህ ልጅ እዚሁ አይደል እንዴ የተወለደው? እሱ ለኛ ይንገረን እንጂ!»

እንዲህ ስትል ብዕሬን አቆምኩ። እውነቷን ነው። የሚመጣው እንግዳ ማን ነው አ-ፉ? ስሙን ላክልኝና አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄጄ ልቀበለው። ከዚያ ከድሮው ግቢ ልጆች የቀረነው አንተና እኔ ብቻ ነን። አንተ የላክኸው ሰው ለእኔ እንደ አንተው ነው።

ጂን-ሹዊ


ሳኦ ፓውሎ፣ ኤፕሪል 21

ለታናሽ ወንድሜ ለጂን-ሹዊ፣

የጻፉ እጆችህ ይባረኩ። ደብዳቤህን ደጋግመን አነበብነው። የእንግዳው ነገር ገና አልተቆረጠም።

ረጅሙን ሕንፃና ሙዚየሙን፣ ነጩንም አዳራሽ ተዋቸው። ቤተ መቅደሱንና ገበያውን ብቻ ንገረኝ። ከቤትህ ስትወጣ ወደ ቀኝ ነው ወደ ግራ? ከዚያስ ምን ይገኛል? እግር የሚያደናቅፍ ድንጋይ የት አለ? ስንት ሰዓት ትወጣለህ፣ ስንት ሰዓትስ ትመለሳለህ? ቤት ውስጥ ካንተ ሌላ ማን አለ? ከበርህ እስከ ቤተ መቅደሱ በእግሩ እንደሚሄድ ሰው አድርገህ ጻፈው። ቶሎ ጻፍልኝ፣ እለምንሃለሁ።

ቲየን-ፉ


ታይፔ፣ ጁን 11

ለአ-ፉ፣

ጓን-ዪን አንተንም ቤትህንም ትጠብቅ። ስለዘገየሁ ይቅርታ አድርግልኝ። ታምሜ አይደለም። ሳስብ ነው የቆየሁት።

በቅርቡ አክስት ጋው ጋ ስልክ ተደወለ። «እማዬ፣ ልጅሽ ነኝ፣ ሰዎች ይዘውኛል፣ ፖሊስ እንዳትጠሪ!» የሚያለቅስ ድምፅ ነው። ልጇ ደግሞ ከኋላዋ ተቀምጦ ኑድሉን እየበላ ነው። ዘወር ብላ አየችውና «ልጄማ እዚህ ኑድል እየበላ ነው። አንተ የትኛው ልጄ ነህ?» ብላ ዘጋችው። ገበያው ሁሉ ሲስቅ ዋለ። እኔ ግን እንደ ሌላው መሳቅ አልቻልኩም። እሷ ዘወር ብላ የምታየው ልጅ ከኋላዋ አላት። እኔ ዘወር ብል የማየው የሹ-ቺንን ሰሌዳ ነው፤ አንተ ደግሞ ከባሕር ማዶ ነህ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ከቤቴ ስትወጣ ወደ ቀኝ ነው። ብስክሌት ጠጋኙን ታልፋለህ፤ ጎማዎቹን መንገድ ላይ ስለሚዘረጋ ጠርዙን ይዘህ ሂድ። ቀጥሎ የመድኃኒት ቅጠል ሻጮቹ መንገድ ነው፣ ጠባብና ጥላ ያለው፣ ዝናብ ባይኖርም መሬቱ እርጥብ ነው። ምሬቱ አፍንጫህ ውስጥ ይገባል። አክስት ጋው የቀዘቀዘ የቅጠል መጠጥ ትዘረጋልሃለች፣ ብትጠጣ አይጎዳህም። ከዚያ ሽማግሌዎች ቼዝ የሚጫወቱበት አደባባይ ይመጣል። አንዱ ቢያንስ ሁልጊዜ እየተጣላ ነው። ተሻግረህ ቤተ መቅደሱ ፊት ትቆማለህ።

ሦስት በር ነው ያለው። መካከለኛው የአማልክት ስለሆነ ሰው አይገባበትም። አያታችን እንዳስተማረችን፣ ፊትህን ወደ ቤተ መቅደሱ አድርገህ ስትቆም በግራህ ባለው ትገባለህ፣ በቀኝህ ባለው ትወጣለህ። ደፉን አትረግጠውም፣ ተራምደህ ታልፈዋለህ።

ያን የግራውን በር ታስታውሰዋለህ አይደል? እስቲ እሱን ጻፍልኝ። የውስጡን ከዚያ በኋላ እነግርሃለሁ።

ስንት ሰዓት እንደምወጣና ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ለምን እንደጠየቅኸኝ ግን አልገባኝም።

ጂን-ሹዊ


ሳኦ ፓውሎ፣ ጁላይ 1

ለውድ ወንድሜ ለጂን-ሹዊ፣

ሰላምና ዕድሜ ይስጥህ። ያን በር እንዴት እረሳዋለሁ? አያታችን አንዳችንን በአንድ እጇ ሌላችንን በሌላው ይዛ በግራው በር ስታስገባን ዛሬም ይታየኛል። ሁልጊዜ በግራው ነበር። አሁን የውስጡን ጻፍልኝ። ከበሩ በኋላ መጀመሪያ የሚገኘው ምንድን ነው?

ቲየን-ፉ


ታይፔ፣ ጁላይ 17

ማን እንደሆንክ ለማላውቅህ ሰው፣

ሰላምታ አላቀርብልህም፤ የማንን ጤና እንደምጠይቅ አላውቅም።

እዚህ የተወለደ ሕፃን፣ ሰካራሙም ጭምር፣ የሚያውቀውን አንተ አታውቅም። በቤተ መቅደስ ቀኝ ዘንዶ አለ፣ በግራ ነብር አለ። ሰው በዘንዶው በኩል ገብቶ በነብሩ በኩል ይወጣል። በግራው በር መግባት ማለት በገዛ እግር ወደ ነብር አፍ መግባት ነው። አያታችን ይህን ያስተማረችን በጆሯችን ነው፣ ጆሯችንን ይዛ እየጎተተች። እኔ ሆን ብዬ ገልብጬ ጻፍኩልህ። አንተ «ሁልጊዜ በግራው ነበር» አልከኝ። አ-ፉ ይህን ከሚል እጁን ቢቆርጡት ይመርጣል።

መልስህ የደረሰኝ ቀን ወደ ቤተ መቅደሱ ሄድኩ። በቀኙ በር ገባሁ። ተንበርክኬ ዕጣ የሚጣልባቸውን ሁለቱን የእንጨት ግማሽ ጨረቃዎች ይዤ «አ-ፉ በሕይወት አለ?» ብዬ ጠየቅሁና ጣልኳቸው። ሁለቱም ጠፍጣፋ ጎናቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ። እሺም አላለችኝ፣ አይሆንምም አላለችኝ፤ ይህ ሲሆን እመቤቲቱ ሳቀች ነው የሚባለው። ዕድሜዬን ሙሉ ለምኛታለሁ፣ እንዲህ ባለ ነገር ስትስቅብኝ የመጀመሪያዋ ነው።

ስለዚህ አንተን ልጠይቅህ። አ-ፉ የት ነው? ሞቶ ከሆነ ቀኑን ንገረኝ። ስሙን አስጽፌ ከአያታችን ጎን አቆምለታለሁ። ሰሌዳ የሌለው ሙት ማን ይጠራዋል? ማን ያበላዋል? ከእኔስ የምትፈልገው ምንድን ነው? ገንዘብ እንኳ አልጠየቅኸኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባ ነው ብዬ በሬን ቆልፌ እተኛ ነበር።

ራሴንም ጠይቄያለሁ። ምናልባት ብቸኝነት አክፍቶኝ ይሆናል፣ ሰው ሁሉ ጠላት የሚመስለኝ። እንደዚያ ከሆነ ጓን-ዪን ይቅር ትበለኝ። ያ በር ግን አይዋሽም።

ላይ ጂን-ሹዊ


ሳኦ ፓውሎ፣ ሴፕቴምበር 30

ለተከበሩ አጎቴ ለላይ ጂን-ሹዊ፣

አስቀድሜ ስሜን ልንገርዎት። ሜይ-ዩን ነኝ፣ የቲየን-ፉ ልጅ። አባቴ አልሞተም። ከማርች ጀምሮ የደረሱዎትን ደብዳቤዎች በሙሉ የጻፍኳቸው ግን እኔ ነኝ። ፊደሉን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ የእናንተን ነገር ደግሞ ብዙ አላስተማረኝም። ወደዚህ ይዞኝ ሲመጣ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ።

አባቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ አእምሮው እየሄደ ነው። እኔን አንዳንዴ «እመቤት» ይለኛል፣ አንዳንዴ ነርስ እመስለዋለሁ። ገና ደኅና ሳለ አንድ ቀን መንገድ ጠፍቶት ፖሊስ ቤት አመጣው። ያን ዕለት «አ-ሹዊ እንዳይሰማ። እኔ ታላቁ ነኝ» ብሎ አስማለኝ። ስለዚህ ነው ያልነገርኩዎት።

በየጊዜው በሩን ከፍቶ ይጠፋ ነበር። ስናገኘው «ቤተ መቅደሱን አንስተውታል፣ ገበያውንም አንስተውታል» እያለ ሰፈሩን በጩኸት ይሞላዋል። እየሮጥኩ ከምፈልገው አብሬው ብሄድስ አልኩ። ግን መንገዱን አላውቀውም። ለእርስዎ የጻፍኩት ለዚህ ነው። የረጅሙን ሕንፃና የጎመኗን ሳነብለት ከወንበሩ አልተነሳም፤ ገበያው ጋ ስደርስ ግን ጫማውን አነሳ። ቤት ማን አለ ብዬ የጠየቅሁዎት እሱ በር ላይ ቆሞ ሁልጊዜ «ቤት ማን ቀረ?» ስለሚለኝ ነው።

የጁኑ ደብዳቤዎ ሲመጣ መልሱን ወዲያው ልኬ እሑድ ከሰዓት ይዤው ወጣሁ። እያነበብኩለት ሄድን። የጎረቤታችንን ጋራዥ «ብስክሌት ጠጋኙ» አልኩት፣ ወደ ጠርዙ ተጠጋ። የእሑዱ ገበያ ውስጥ ቅጠል የሚሸጡ ሴቶች አሉ፣ አንዷ ጋ ቆሞ መራራ ነገር ጠጣ፣ ከንፈሩን ጠራርጎ ሳቀ። አጎቴ፣ ሲስቅ ካየሁት ዓመት አልፎኝ ነበር። ጥጉ ላይ ሦስት በር ያለው ቤተ ክርስቲያን አለ። ፊት ለፊቱ ቆምን። እርስዎ እንዳሉት «በግራው እንገባለን» ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

የብረት አጥሩን በሁለት እጁ ጨበጠ። ጎተትኩት፣ እምቢ አለ። ሰው ተሰበሰበ። ከዚያ አጠገቡ የሆነ ሰው ያለ ይመስል ወደ ታች እያየ በእናንተ ቋንቋ «አታልቅስ። ሱሪዬን ውሰድ። እኔ ሸሚዜን አወርዳለሁ፣ ማንም አያይም» አለ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም። ቀበቶውን ሊፈታ ሲል ያዝኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤት አልወጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ ይተኛል፣ ምግብ በግድ ነው። ያ የጁላይ ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከዚህ በኋላ ነው። የሆነውም ያኔ ገባኝ። ወጥመዱን የዘረጉት ለእኔ ነበር፤ የገባበት ግን እሱ ነው። ተቆጥቼ ነበር፣ ዝም ያልኩትም ለዚህ ነው። አሁን ቁጣው ወጥቶልኛል። እንዴት እንደምመልሰው ይንገሩኝ።

ሜይ-ዩን


ታይፔ፣ ኦክቶበር 18

ለልጄ ለሜይ-ዩን፣

ጓን-ዪን ትደግፍሽ። እኔንም ይቅር ትበለኝ፤ አንቺም ስትችይ።

ደብዳቤሽን ሳነብ እስከ በሩ ድረስ አላመንኩሽም ነበር። ልደብቅሽ አልችልም። «ይህንም የጻፈችው እኔው ካስተማርኳት በኋላ ነው» እያልኩ ነበር። ሱሪው ጋ ስደርስ ግን ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።

ትንንሽ ልጆች ሳለን ከአያታችን አምልጠን ሮጠን በነብሩ በር ገባን። ውስጥ የነበረ አንድ ሽማግሌ «ነብሩ በላችሁ!» ብሎ ጮኸብን። እኔ ሱሪዬ ላይ ሸናሁ። አባትሽ ከዓምዱ ኋላ ወስዶኝ የራሱን አውልቆ ሰጠኝ፤ የእኔን በብብቱ ይዞ ሸሚዙን ወደ ታች እየጎተተ በገበያው መሃል ወደ ቤት ሄደ። ለማንም አልተናገረም። እኔም ለሹ-ቺን እንኳ አልነገርኳትም። ያን ነገር የሚያውቅ ሰው ዓለም ላይ ሁለት ነው፣ አንዱ እኔ ነኝ።

አባትሽ እዚያ በር ላይ ደንግጧል። የደነገጠ ሰው ነፍሱ ከሰውነቱ ወጥታ መንገድ ላይ ትቀራለች፣ እኛ ዘንድ እንዲህ ነው የሚባለው። መመለሻ አለው። ሰውዬው ራሱ ባይመጣ ልብሱ ይበቃል። የለበሰውን ሸሚዝ፣ ያልታጠበ፣ አንገቱ ላይ ላቡ ያለበትን ላኪልኝ። እንዳታጥቢው።

አክስት ጋው ነገሩን ስነግራት ቅጠሏን ትታ ተቀመጠች። «አንተ ቀጫጫ ሞኝ» አለችኝ። ቀጫጫ ያለችኝ እሷ ናት፣ ግን አ-ፉ ያለኝ ሆኖ ተሰማኝ።

ጂን-ሹዊ


ታይፔ፣ ዲሴምበር 3

ለልጄ ለሜይ-ዩን፣

ቤትሽ ሙሉ፣ ምድጃሽም ሙቅ ይሁን። ሸሚዙ ደርሶኛል። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተመልሶ መጥቶልሻል። ሳታጥቢ አልብሺው። ልቡ ሲፈቅድ ይዘሽው ውጪ፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ፊት አቁሚውና «በቀኙ ነው» በይው። እጁን አትጎትቺ። እግሩ ራሱ ያውቀዋል። ከበሩ በኋላ የሚገኘውን ሁሉ በሌላው ወረቀት ላይ ጽፌልሻለሁ፤ አንዲት የገለበጥኳት ነገር የለችም።

የሆነውን ልንገርሽ። ከከተማው በሰሜን ባለ አንድ ቤተ መቅደስ ሰማያዊ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች ይህን ነፍስ የመጥራት ሥራ በነፃ ይሠራሉ። ከተማውን ለማየት የመጡ እንግዶች ፎቶ እያነሱ ዙሪያችንን ከበዋል። ተሰልፌ ተራዬ ደረሰ። ሴትዮዋ ዕጣኑን በሸሚዙ ላይ ከማዞሯ በፊት ጠየቀችኝ።

«ስም?»

«ላይ ቲየን-ፉ።»

«የተወለደበት ዓመት?»

«የፈረሱ ዓመት።»

«አድራሻ?»

የሸሚዙን እጥፋት አስተካከልኩ።

«አጎቴ፣ ነፍሲቱ የምትመለሰው አንተ ወደምትነግረኝ ቤት ነው። አስተካክለህ ንገረኝ።»

አፌ ላይ የመጣው የድሮው ግቢያችን ነበር። አሁን በቦታው ላይ ፋርማሲ ቆሟል፣ ግን መንገዱና ቁጥሩ አሉ። ያንን ብናገር ማን ያውቅብኛል ብዬ አሰብኩ። እሱን ከናንተ ወስጄ እዚህ አጠገቤ ላኖረው ፈለግሁ። ስንት ወር ሙሉ አንቺን በሌብነት ስጠረጥርሽ፣ ሸሚዙን ይዤ ቆሜ ለመስረቅ የከጀልኩት እኔው ሆኜ ተገኘሁ።

ከኋላዬ የቆመች ሴት «አድራሻህ ጠፋህ እንዴ አያ? እኛም ድንጋጤ አለብን እኮ!» አለች። ሰው ሳቀ።

ፖስታሽን ከኪሴ አወጣሁና የጎዳናሽን ስም እየተንተባተብኩ አነበብኩላት። የሕንፃውን ቁጥር፣ ፎቁን፣ የበሩን።

«የት አገር ነው ይሄ?»

«ብራዚል።»

«ሩቅ ነው» አለች። ዕጣኑን ሸሚዙ ላይ እያዞረች ስሙን ከነአድራሻው ጠራች፣ እንዲመለስም ለመነች። እንዲህ ሲጠራ መልሱን የሚሰጠው ዘመድ ነው።

«ቤቱ ገብቷል» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት፤ ሩቅ ነው ብላለችና።

አጎትሽ
ጂን-ሹዊ